ያልተደረሰበት ኳስ፦ የቤዝቦል ሜዳ ጠባቂዎች ብቃት ወርዷል ወይ?

(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ምሽት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «የፈለግኸውን ርእስ ይዘህ ሃያ ደቂቃ ተናገር» ሲለኝ፣ አብዛኞቻችሁ ስለ ስታቲስቲክስ ወይም ስለ ስደት ኑሮ የማወራ መስሏችሁ ነበር። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ቤዝቦል ላወራ ነው። አትሳቁ! በዚህ አዳራሽ ውስጥ ቤዝቦልን ከልቡ የሚከታተል ሰው በጣት የሚቆጠር እንደሆነ አውቃለሁ። እኛ የእግር ኳስና የሩጫ ሰዎች ነን። ግን ትንሽ ታገሡኝ፤ መጨረሻ ላይ ወደ ቤታችን እመለሳለሁ፤ የምመለሰውም አንድ ጥፋቴን ለመናዘዝ ነው።

ዋሽንግተን የገባሁት በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከአራት ኪሎ የያዝኩት የስታቲስቲክስ ዲግሪ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር፤ የተቀጠርኩት ግን መኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ሆኜ ነው። ፊታችሁን ሳይ ቢያንስ አምስት ሰው «እኔም!» እያለ ነው። ታዲያ ጠዋት ጠዋት አንድ የባልቲሞር ተወላጅ ሽማግሌ መኪናቸውን ያቆሙ ነበር። ጋዜጣቸውን ጨርሰው ሲወጡ የስፖርቱን ገጽ ለእኔ ይተዉልኛል። የአገሩ ሰው ሲያወራ ጆሮዬ ገና አልተገራም ነበር፤ የቤዝቦል ገጽ ግን ከላይ እስከ ታች ቁጥር ነው። ቁጥር ደግሞ ይገባኛል። በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን የራሷ ቡድን አልነበራትም፤ የድሮው ቡድን ከ1971 ውድድር በኋላ ከተማውን ለቆ፣ አዲሱ የመጣው በ2005 ነው። ስለዚህ ቅርባችን የነበረው የባልቲሞር ኦሪዮልስ ነበር።

እኚህ ሽማግሌ አንድ የማይለወጥ ዘፈን ነበራቸው። «የዛሬ ልጆች ኳስ መያዝ አይችሉም። ገንዘቡ ነው ያበላሻቸው። ብሩክስ ሮቢንሰንን ብታየው ኖሮ!» ይሉኛል። ብሩክስ ሮቢንሰን የኦሪዮልስ ሦስተኛ ቤዝ ጠባቂ ነበር፤ ከ1960 እስከ 1975 ድረስ በተከታታይ 16 ጊዜ «ጎልድ ግላቭ» የተባለውን የምርጥ ሜዳ ጠባቂ ሽልማት ወስዷል። በ1970 የዓለም ዋንጫቸው ላይ ያሳየው አያያዝ እስከ ዛሬ ይወራል። እኔም አዲስ ገቢ ስለሆንኩ የሽማግሌውን ቃል አመንኩ። ድሮ ቀረ ማለት በእኛም አገር የታወቀ ዘፈን ነውና ለጆሮዬ አልከበደኝም።

ጨዋታውን ለማያውቀው በአጭሩ ልንገር። ወርዋሪው ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ይመታል፣ የተመታውን ኳስ ሜዳ ላይ የተበተኑት ተጫዋቾች ይይዙታል። ኳሱን መሬት ሳይነካ ከያዙት ወይም መቺው ከመድረሱ በፊት ወደ ቤዙ ካደረሱት መቺው «አውት» ነው፤ ይወጣል። አንድ ቡድን ሙሉ ጨዋታውን ለመጨረስ 27 አውት ማግኘት አለበት። ይህ ኳስ መያዝና ማቀበል ፊልዲንግ ይባላል፤ እኔ ሜዳ መጠበቅ እለዋለሁ። ጠባቂው መያዝ የሚገባውን ኳስ ቢያመልጠው ወይም ቢያበላሸው በስሙ «ኤረር» ማለትም ስህተት ይመዘገባል።

ሥራ በማይበዛበት ሰዓት የሽማግሌውን አባባል በቁጥር ልፈትነው አሰብኩ። ለዚህ የሚያገለግል ጥንታዊ መለኪያ አለ፤ ስሌቱ ቀላል ነው። ተጫዋቹ ራሱ ያስወጣቸውንና ለማስወጣት ያገዘባቸውን ትደምራላችሁ፤ ይህንን ድምር ስህተቶቹ ተጨምረውበት ለሚገኘው ጠቅላላ ዕድል ታካፍላላችሁ። ምን አገኘሁ? በ1870ዎቹ፣ አብዛኛው ተጫዋች በባዶ እጁ ሲይዝ፣ ከ10 ዕድል አንዱን ወይም ከዚያም በላይ ያበላሹ ነበር። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ከ100 ወደ 5 ገደማ ወረደ። በ1950ዎቹ ከ100 ሁለት ተኩል ያህል ሆነ። ዛሬ ከ100 አንድ ተኩል ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር በ1900ዎቹ መጀመሪያ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ሁለት ያህል ስህተት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ በሁለት ጨዋታ አንድ ነው። ወርዷል ወይ? ኧረ ሽቅብ ነው የወጣው!

ወረቀቴን ይዤ ሽማግሌውን ጠበቅኳቸው። አነበቡትና ሳቅ አሉ። «ስህተት ነው ብሎ የሚጽፈው ማነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄው ትልቅ ነው። ስህተትን የሚመዘግበው ተጋጣሚዎቹን የሚያጫውተው ዳኛ ሳይሆን ከላይ ተቀምጦ የሚያይ መዝጋቢ ነው። ደንቡ የሚለው ኳሱ «በተለመደ ጥረት» ሊያዝ የሚችል ከነበረ ስህተት ነው፤ ካልሆነ የመቺው ውጤት ነው። የተለመደ ጥረት ስንት ሜትር መሮጥ ነው? ደንቡ ሜትር አይሰጥም፤ ፍርዱ የሰው ነው። ፍርዱ የሰው ከሆነ ደግሞ የአንዱ ዘመን መዝጋቢ ከሌላው ዘመን መዝጋቢ ይልቅ ሊራራ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ጓንቲው ነው። የጥንቶቹ ጓንቲ እጅ እንዳይላጥ የሚለበስ ቆዳ ብቻ ነበር። በ1920 አካባቢ ቢል ዶክ የተባለ ወርዋሪ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል መረብ ያለበትን ጓንቲ አስተዋወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ጓንቲ እጅ መከላከያ መሆኑ ቀርቶ ኳስ ማጥመጃ ሆነ። ሣሩም ተስተካከለ፤ ኳስ አቅጣጫ የሚያስቱት ጉድጓዶችና ጠጠሮች ቀነሱ። እስከ 1954 ድረስ እኮ ተጫዋቾቹ ተራቸውን ለመምታት ሲገቡ ጓንቲያቸውን እዚያው ሜዳ ላይ ጥለው ነበር የሚሄዱት! ስለዚህ የስህተቱ ቁጥር ሲቀንስ ምስጋናው ለእጁ ይሁን ለቆዳው፣ ለእግሩ ይሁን ለሣሩ መለየት አይቻልም።

ሦስተኛው እኔን የስታቲስቲክስ ምሩቁን ያሳፈረኝ ነው። መቺው ሦስት ጊዜ ስቶ ሲወጣ «ስትራይክአውት» ይባላል። በመዝገቡ ላይ ይህንን ያስወጣው ማን ተብሎ ይጻፋል? ከኋላ ቁጭ ብሎ ኳሱን የሚቀበለው ካቸር። እንግዲህ ሜዳ ላይ አንድም ሰው ሳይንቀሳቀስ የቡድኑ የመያዝ ውጤት ያድጋል ማለት ነው። ስትራይክአውት ደግሞ በዘመናችን እጅግ በዝቷል። በ1980 አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ አምስት ገደማ ያገኝ ነበር፤ ዛሬ ከስምንት በላይ ነው። በ2018 በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓመቱ የተመዘገበው ስትራይክአውት ከተሳካው ምት በለጠ። በግርድፉ ላሳያችሁ። 27 አውት፣ 9 ያህል እገዛ፣ ግማሽ ስህተት ብንል ውጤቱ 0.986 ይሆናል። ስምንት ተኩሉን ስትራይክአውት አውጡትና አስሉት፤ 0.982 ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን እዚህ የምንከራከረው በሺህ ውስጥ ስለሚገኝ ሁለትና ሦስት ነጥብ ነው።

ይህንን ሁሉ ያወቅኩት ቀስ እያልኩ ነው። ነገርዬውን በደንብ ያስተማረኝ ግን መጽሐፍ ሳይሆን ልጄ ነው።

ልጄ 12 ዓመት ሲሞላው በሰፈራችን የልጆች ሊግ ሾርትስቶፕ ሆኖ ይጫወት ነበር፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆመው፣ ኳስ የሚበዛበት ቦታ ነው። እኔ ደግሞ የቁጥር ሰው ነኝ። ማቀዝቀዣው በር ላይ ሰንጠረዥ ለጠፍኩ፤ በእያንዳንዱ ጨዋታ የሠራውን ስህተት እጽፋለሁ። ስህተት የሌለበት ቀን አይስክሬም አለ። እናቱ «ተው ልጁን አታስጨንቀው» ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። በሚቀጥለው ዓመት ስህተቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ። እንዴት እንደኮራሁ! ለሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀር አሳየሁ።

አንድ ቅዳሜ አሰልጣኙ ለብቻዬ ጠራኝና «ልጅህ ታሟል እንዴ? ኳስ አይከተልም» አለኝ። መኪና ውስጥ ጠየቅኩት። ልጄ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ «ዳዲ፣ ካልነካሁት እኮ ኤረር አይባልም» አለኝ።

እዚያው መንገድ ዳር አቆምኩ። ልክ ነው። ደንቡን ጠበቅ አድርጋችሁ ካነበባችሁት ሳይነኩትም ስህተት ሊመዘገብ የሚችልበት ጊዜ አለ፤ በተግባር ግን ሁለት እርምጃ ርቆ የሚያልፍን ኳስ ቆሞ ያየ ልጅ ምንም አይጻፍበትም። ተወርውሮ፣ በደረቱ ወድቆ፣ በጓንቲው ጫፍ ነክቶ ያመለጠው ልጅ ግን ስህተት ሊጻፍበት ይችላል። የማይሠራ አይሳሳትም ይሉ ነበር አባቶቻችን። እኔ ልጄን እንዳይሠራ ነበር የምሸልመው። ቤት ስንገባ ሰንጠረዡን ቀደድኩት። ልጄ እንደገና ኳስ መከተል የጀመረው ግን ወዲያው አይደለም፤ ወደ አንድ ዓመት ፈጀበት። ከሰንጠረዡ የበለጠ የሚቆጨኝ ያ አንድ ዓመት ነው።

ታላላቆቹም ጋ ያው ነው። የኒውዮርክ ያንኪስ ሾርትስቶፕ የነበረውን ዴሪክ ጂተርን ስሙን ሳትሰሙ አትቀሩም። አምስት ጊዜ ጎልድ ግላቭ ወስዷል። በ2010 በዓመቱ የሠራው ስህተት ስድስት ብቻ ነበር፤ የመያዝ ውጤቱም በሙያ ዘመኑ ከሁሉ የላቀ ሆነ፤ ተሸለመም። ነገር ግን የደረሰባቸውንና ያልደረሰባቸውን ኳሶች የሚያነጻጽሩት አዳዲሶቹ መለኪያዎች ለረጅም ዓመታት ከደካማዎቹ ሾርትስቶፖች ተርታ ነበር የሚያስቀምጡት። ሰውየው የደረሰበትን ኳስ ይይዛል፤ ጥያቄው ስንት ላይ ይደርሳል ነው። በሌላው ጫፍ ኦዚ ስሚዝ አለ፤ በ1980 በአንድ ዓመት 621 እገዛ በማስመዝገብ ለሾርትስቶፕ እስካሁን ያልተሰበረ ክብረ ወሰን ይዟል። ይህ ሰው ሌላው በማይደርስበት ቦታ ይገኝ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ስህተት መቁጠር ካላዋጣ ምን እንቁጠር? ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቢል ጄምስ የተባለ ጸሐፊ ጥያቄውን ገለበጠው። ስንት አበላሹ ሳይሆን፣ ሜዳ ውስጥ ከገባው ኳስ ስንቱን አውት አደረጉ? ይህ ንጹሕ ጥያቄ ነው፤ የመዝጋቢው ርኅራኄ አያገባውም።

መልሱ ግን አስደነገጠኝ፤ ለሽማግሌው ያደላልና። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሜዳ ውስጥ ከገቡ 100 ኳሶች ለመቺው የሚሳኩት 28 ገደማ ነበሩ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ወደ 29 እና 30 ወጥቷል። ስለዚህ አንዱ ቁጥር ስህተት ቀንሷል ይላል፤ ሌላው ቁጥር ያመለጠ ኳስ በዝቷል ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱን ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ እውነቱን ግን አያገኝም።

እዚህ ላይ የሚመታው ኳስ ያው የድሮው ኳስ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። አይደለም። ወርዋሪዎቹ ዛሬ እጅግ በፍጥነት ይወረውራሉ፤ የፈጣኑ ኳስ አማካይ ፍጥነት ባለፉት 15 ዓመታት ገደማ ብቻ በሰዓት ወደ ሁለት ማይል ጨምሮ 94 ማይል ደርሷል። መቺዎቹም ጡንቻቸው ሌላ ነው፤ ሲያገኙት በሙሉ ኃይላቸው ነው የሚለቁት። ጠባቂው ፊት የሚመጣለት ኳስ ቁጥሩ አንሷል፤ የመጣው ግን ጠንካራ ነው። ደግሞም የቆመበት ቦታ ይለዋወጣል። ቡድኖቹ የመቺውን ልማድ በኮምፒዩተር አጥንተው ጠባቂዎቹን ወደ አንድ ወገን ያከማቹ ነበር፤ ተጫዋቾቹ የት እንደሚቆሙ የሚነግር ካርድ በኪሳቸው ይዘው ይገባሉ። በ2023 ሊጉ ይህንን ገደበ፤ ከሁለተኛው ቤዝ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሰው ይቁም፣ አራቱም እግራቸው በውስጠኛው ሜዳ ይሁን ተባለ። በዚያ ዓመት የሚሳካው ምት ጥቂት ከፍ አለ። የጠባቂዎቹ እጅ በአንድ ክረምት ተበላሸ እንዴ? የተለወጠው ደንቡ ነው።

«ታዲያ ዘመኑ የካሜራ ነው፤ ካሜራ ይፍረድ» የሚል ይኖራል። ካሜራው አለ። ከ2015 ጀምሮ በየስታዲየሙ የተተከለው ስታትካስት የሚባለው ሥርዓት ኳሱ የወጣበትን ፍጥነት፣ ጠባቂው የሮጠውን ርቀትና የነበረውን ጊዜ ይለካል፤ ከዚያም «ይህንን ኳስ ከመቶ ስንት ጠባቂ ይይዘዋል?» ብሎ ያሰላል። እጅግ የሚደነቅ ነገር ነው። ነገር ግን መምህራን ልብ በሉልኝ፤ የሚሰጠው ውጤት ከሊጉ አማካይ በላይ ወይም በታች የሚል ነው። አማካዩ ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ሁሉም ቢሻሻሉ ዜሮ ነው፤ ሁሉም ቢደክሙም ዜሮ ነው። በእኛ ቋንቋ «ከርቭ» ነው። በከርቭ የተሰጠ ኤ ተማሪው ከክፍሉ ልጆች መብለጡን ይነግራችኋል እንጂ የ1985 ተማሪ ይበልጣል ወይስ የ2015 ተማሪ፣ ሊነግራችሁ አይችልም። ለዚህ የሚያገለግለው የሩጫ ፍጥነትና የክንድ ጉልበት ነው፤ እነርሱ በቁርጥ ይለካሉ። የብሩክስ ሮቢንሰንን ሩጫ ግን በዚያ ካሜራ የለካው የለም።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። የፕሮፌሽናል ቤዝቦል ሜዳ ጥበቃ ወርዷል ወይ? በእኔ እምነት በጠቅላላው አልወረደም። ጠባቂዎቹ ፈጣኖች፣ ጠንካሮች፣ በደንብ የተጠኑ ናቸው፤ ከባድ ኳስ እየተመታባቸው ከመቶ 70 ያህሉን አሁንም ያስወጣሉ። የድሮው የተሻለ የሚመስለን ትዝታ ስለሚያበጥር ነው። ዊሊ ሜይስ በ1954 ጀርባውን ሰጥቶ ሮጦ የያዘውን ኳስ እናስታውሳለን፤ በዚያው ዓመት ከእጅ ያመለጡትን የሚያስታውስ የለም። የዛሬው ስህተት ግን ማታውኑ ስልካችን ላይ ነው። ስቲቨን ጄይ ጉልድ የተባለው የሥነ ሕይወት ምሁርም የጨዋታው አማካይ ደረጃ ሲያድግ በጎበዙና በሰነፉ መካከል ያለው ርቀት ይጠባል ብሎ ተከራክሯል። ሁሉም ጎበዝ ሲሆን ኮከቡ ጎልቶ አይታይም።

ሽማግሌውም ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። እርሳቸው የሚያዩትን መዝገቡ አያይም ነበር። በ2024 የዓለም ዋንጫቸው አምስተኛ ጨዋታ ያንኪስ 5 ለ 0 እየመራ ነበር። በአምስተኛው ዙር አሮን ጀጅ ቀላል ኳስ ከጓንቲው ወደቀበት፤ ስህተት። ሾርትስቶፑ ወደ ሦስተኛ ቤዝ የወረወረው ተበላሸ፤ ስህተት። ከዚያ ቀስ ያለ ኳስ ወደ አንደኛ ቤዝ በኩል ሄደ፤ ወርዋሪው ጌሪት ኮል ሮጦ ቤዙን መሸፈን ሲገባው ቆመ። ዶጀርስ በዚያ ዙር አምስት ነጥብ አግብቶ እኩል ሆነ፤ በመጨረሻም 7 ለ 6 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። አሁን የማስታውሳችሁ፣ ሁለቱ ስህተቶች ተመዝግበዋል፤ ሦስተኛው፣ ብዙዎች ዋናው ነው የሚሉት፣ በመዝገቡ ስህተት አይባልም። ያልነካው ኳስ ነዋ! ልጄ በ12 ዓመቱ የነገረኝ ይህንን ነው።

ሌላም አለ። ኳስን በዱላ ነካ አድርጎ ማቆም፣ «ባንት» የሚሉት፣ በዛሬው ጨዋታ እየጠፋ ነው። ብዙ የማይመጣን ኳስ ብዙ የሚለማመድ የለም። ስለዚህ ያንን የሚይዙበት ጥበብ ቢደክም አልደነቅም። ይህ የሰው መውረድ ሳይሆን የፍላጎት መለወጥ ነው፤ ጨዋታው የማይጠይቀውን ችሎታ ማንም አያሳድገውም።

አሁን እንደ ቃሌ ወደ ቤት ልመለስ።

ከትናንት ጀምሮ በሻይ ሰዓት የሰማሁት ወሬ አንድ ነው። «የዛሬ ተማሪ!» «የዛሬ ምሩቅ ማመልከቻ እንኳ መጻፍ አይችልም!» እኔም ብያለሁ፤ አልዋሽም። ልትሆኑ ትችላላችሁ ትክክል። ግን በምን ቆጠራችሁት? በከርቭ ከሆነ ከርቩ ዘመንን አያነጻጽርም። በስህተት ከሆነ የእኛ ክፍል ስንት ሰው ነበር፣ የዛሬው ስንት ነው? ያኔ በሩን ያለፈው ጥቂት ነበር፤ ያላለፈው ጎበዝ አልተቆጠረም። በትዝታ ከሆነ እኛ የምናስታውሰው የክፍላችንን ዊሊ ሜይስ ነው፤ እኔ በሁለተኛ ዓመት ያገኘሁትን ዲ ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አያስታውሰውም። በእውነት ማወቅ ከፈለግን መንገድ አለ። መምህራን ዘንድ የቆየ የማጠቃለያ ፈተና ካለ፣ ለዛሬዎቹ ያንኑ ፈተና ሳይለወጥ ስጧቸው፤ የዛሬውንም እኛ እንውሰደው። ውጤቱን እኔም ፈራዋለሁ።

ኑዛዜዬም ይኸው። ጥቂት ተመራቂዎች ሆነን ለሁለት ተማሪ የምናዋጣት አነስተኛ የድጋፍ ገንዘብ አለችን። ባለፈው ዓመት ለመጨረሻው ቦታ ሁለት ማመልከቻ ቀርቶ ነበር። አንዱ ውጤቱ እንከን የለውም፤ ከተገደደው ውጭ ግን አንድም ኮርስ አልወሰደም። ሌላዋ ሁለት ሲ አለባት። ድምፁ እኩል ሆኖ የእኔ ቀረ። «ቁጥር ቁጥር ነው» ብዬ ለመጀመሪያው ሰጠሁ። ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ ፋይሉን ደግሜ ከፈትኩት። አንደኛው ሲ የመጣው ከሪል አናሊሲስ ነው፤ እዚህ ያላችሁ የሒሳብ ሰዎች ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሁለተኛው የመጣው እርሷ ሳትገደድ፣ ከእርሷ በላይ ካሉት ጋር ተቀምጣ ከወሰደችው ኮርስ ነው። ተወርውራ፣ በደረቷ ወድቃ፣ በጓንቲዋ ጫፍ የነካችው ኳስ ነበር። እኔ ስህተት ብዬ መዘገብኩባት። ልጄን መንገድ ዳር አቁሜ የተማርኩትን ከአሥር ዓመት በኋላ ረሳሁት።

ልጁን ያገኘውን አልነጥቀውም፤ እርሱ ምንም አላጠፋም። ለእርሷ የዘንድሮውን ድርሻ እኔ ከኪሴ እሸፍናለሁ፤ እርሷ ከተቀበለች። ከእናንተ የምለምነው ሌላ ነው። ነገ ጠዋት የድጋፍ ኮሚቴው ሲሰበሰብ በማመልከቻው ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ «ሳትገደድ/ጂ የሞከርከው/ሽው ከባድ ነገር ምንድን ነው? ምን ሆነ?» አልተሳካም የሚል መልስም ነጥብ ይኑረው።

ሽማግሌው ዛሬ በሕይወት የሉም። ለመጨረሻ ጊዜ ስንገናኝ ዋሽንግተን አዲስ ቡድን አግኝታ ነበር፤ እርሳቸው ግን ከኦሪዮልስ አልተነቃነቁም። የዛሬ ልጆችን ማማትም አላቆሙም። «ቁጥሩን ተውና ጨዋታውን እይ» አሉኝ። ቁጥሩን አልተውኩም፤ እንጀራዬ ነው። አሁን ግን ቁጥሩን ሳይ አንድ ነገር አስቀድሜ እጠይቃለሁ፦ እዚህ ላይ ያልተጻፈው ማን ነው?